ሐኪም አጅመል ኻን፦ የአባቶቻቸውን መድኃኒት ለፈተና ያቀረቡት ሐኪም



ሐኪም ስንል ነጭ ጋውን የለበሰ፣ የልብ ማዳመጫ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው በዓይናችን ይመጣል። ቃሉ ግን ወደ አማርኛችን የገባው ከዐረብኛ ነው። ሥሩም ሒክማ፣ ማለትም ጥበብ ነው። በሕንድና በፓኪስታን ደግሞ ሐኪም የሚባለው እስከ ዛሬ ድረስ የሆስፒታሉ ዶክተር ሳይሆን ጥንታዊውን የዩናኒ ሕክምና የተማረ ሰው ነው። በዚህ እትም ሕይወታቸውን የምናወሳቸው አጅመል ኻን በዚህኛው ትርጉም ሐኪም ነበሩ። የኖሩበት ዘመን የአባቶቻቸው ሙያ በአዲሱ የአውሮፓ ሕክምና ተገፍቶ ሊጠፋ የተቃረበበት ዘመን ነበር። በዙሪያቸው የነበሩት ብዙዎች ወይ አሮጌውን ጥለው አዲሱን ይዘዋል፤ ወይ አዲሱን ረግመው አሮጌውን አቅፈዋል። እሳቸው የመረጡት መንገድ ከሁለቱም የከበደ ነበር። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዩናኒ ማለት ምንድን ነው?

ዩናኒ በዐረብኛ ግሪካዊ ማለት ነው። ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል። የሂፖክራተስና የጋሌን የሕክምና መጻሕፍት በአባሲዮች ዘመን ባግዳድ ውስጥ ወደ ዐረብኛ ተተረጎሙ። ሙስሊም ሊቃውንት መረመሯቸው፣ አረሟቸው፣ የራሳቸውንም ጨመሩባቸው። ከ980 እስከ 1037 የኖረው ኢብኑ ሲና አል-ቃኑን በተባለው ትልቅ መጽሐፉ ይህን ዕውቀት በሥርዓት አዋቀረው። መጽሐፉ በላቲን ተተርጉሞ በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ለብዙ መቶ ዓመታት የማስተማሪያ መጽሐፍ ሆኖ አገልግሏል። ያው ዕውቀት በምሥራቅ በኩል በፋርስ አድርጎ ሕንድ ገባ፤ በዚያም የአገሩን ዕፅዋት ተዋውቆ ሥር ሰደደ።

የዩናኒ መሠረተ ሐሳብ በሰው አካል ውስጥ አራት ፈሳሾች አሉ የሚል ነው፦ ደም፣ አክታ፣ ቢጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት። ሚዛናቸው ሲዛባ ሰው ይታመማል፤ ሐኪሙም የልብ ትርታንና ሽንትን መርምሮ፣ በምግብና በዕፅዋት ሚዛኑን ለመመለስ ይጥራል። ጎን ለጎን የሂንዱዎቹ የአዩርቬዳ ሕክምና ነበረ፤ ባለሙያዎቹም ቫይድ ይባላሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከእንግሊዝ ገዢዎች ጋር ሦስተኛው ሕክምና፣ ዛሬ ዘመናዊ የምንለው፣ የራሱን ሆስፒታሎችና ኮሌጆች ይዞ መጣ።

የሸሪፍ ቤት ልጅ

አጅመል ኻን በ1868 በዴልሂ ተወለዱ። ቤተሰባቸው ለብዙ ትውልድ ሐኪሞችን ያፈራ ነው። ከቅድመ አያቶቻቸው አንዱ የሆኑት ሐኪም ሸሪፍ ኻን የሞጎሉ ንጉሥ ሻህ ዓለም ሐኪም ነበሩ። በአሮጌው ዴልሂ፣ ባሊማራን በተባለው ሰፈር የሚገኘው የቤተሰቡ መኖሪያ ሸሪፍ መንዚል የሚባለው በእሳቸው ስም ነው። በ1857 ሕንዶች በእንግሊዞች ላይ ባመፁ ጊዜ፣ እንግሊዞች ዴልሂን መልሰው ሲይዙ ከተማዋ በደም ታጠበች። ቤተሰቡ የፓቲያላን ራጃ ያክም ስለነበር የራጃው ወታደሮች መንገዱን ጠበቁለት፤ ብዙ ሰዎችም እዚያ ተጠግተው ተረፉ። አጅመል ኻን የተወለዱት ይህ ከሆነ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው። ያደጉትም መንግሥቷን፣ ሊቃውንቷንና ኩራቷን ባጣች ከተማ ውስጥ ነው።

እንደ ዘመኑ ልጆች ቁርኣንን ሐፈዙ፤ ዐረብኛና ፋርስኛ፣ ሰዋስውና ሎጂክ ተማሩ። ከዚያም ከአባታቸው ከሐኪም መሕሙድ ኻንና ከታላላቅ ወንድሞቻቸው እጅ ሕክምናን ቀሰሙ። ትምህርቱ ኪታብ ከመቅራት ጋር በሽተኛ ባለበት ከሐኪሙ ጎን ቁጭ ብሎ ማየትን ይጠይቃል። መድረሳ ያለፈ አንባቢ ይህን የኡስታዝና የደረሳ ግንኙነት ያውቀዋል። ጥንካሬው ዕውቀት ከሰው ወደ ሰው ከነአደቡ መተላለፉ ነው። ድክመቱ ደግሞ ኡስታዙ የተሳሳተበትን ነገር ደረሳው አክብሮ ማስቀጠሉ ነው። በሕክምናው ዓለም ሌላም ድክመት ነበረ፦ ምስጢር። እያንዳንዱ የሐኪም ቤተሰብ የቅመማ ቀመሩን ለልጆቹ ብቻ ያወርስ ነበር።

አጅመል ኻን በ1892 የራምፑር ናዋብ ዋና ሐኪም ሆነው ተቀጠሩ፤ እዚያም አሥር ዓመት ያህል ቆዩ። ራምፑር በብርቅ የእጅ ጽሑፎች የታወቀ ቤተ መጻሕፍት ያላት ከተማ ናት። አጅመል ኻን እዚያ በነበሩበት ጊዜ ከበሽተኛ የተረፋቸውን ሰዓት ከመጻሕፍቱ ጋር አሳለፉ። የአባቶቻቸውን ሕክምና ከሥሩ የመረመሩት በእነዚህ ዓመታት ነው።

ታላቅ ወንድማቸው ሐኪም ዐብዱል መጂድ ኻን በ1880ዎቹ በዴልሂ መድረሳ ጢቢያ የተባለ የሕክምና ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። ዕውቀቱን ከቤተሰብ ጓዳ አውጥቶ ወደ ክፍል ያስገባው የመጀመሪያው እርምጃ ይህ ነው። ታላላቅ ወንድሞቻቸው በተከታታይ ሲያርፉ የትምህርት ቤቱም የቤተሰቡም ኃላፊነት በአጅመል ኻን ትከሻ ላይ ወደቀ።

ሁለት ግንባር

አጅመል ኻን ከሁለት አቅጣጫ ተፈተኑ።

የመጀመሪያው ከመንግሥት በኩል ነው። በ1912 በቦምቤይ ግዛት የሐኪሞች ምዝገባ ሕግ ወጣ። በሕጉ መሠረት በመንግሥት መዝገብ የሚሰፍረው በምዕራቡ ሕክምና የሠለጠነ ብቻ ነበር። የተመዘገበ ዶክተር ካልተመዘገቡት ጋር አብሮ ቢሠራ ወይም በትምህርት ቤታቸው ቢያስተምር ምዝገባው አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር። የአጅመል ኻን ዕቅድ ደግሞ የተመሠረተው ዶክተሮች መጥተው የሐኪም ተማሪዎችን እንዲያስተምሩ በማድረግ ላይ ነው። ስለዚህ ሕጉ ክብራቸውን ከመንካት አልፎ የሥራቸውን ሥር የሚቆርጥ ነበር። እሳቸው ቀደም ብለው በ1910 ሐኪሞችንና ቫይዶችን በአንድ ላይ የሚያሰባስብ አገር አቀፍ ጉባኤ አቋቁመው ስለነበር ተቃውሞውን በዚያ በኩል አደራጁ። አስቡት፣ ሙስሊም ሐኪምና ሂንዱ ቫይድ አንድ መድረክ ላይ ቆመው ስለ ጋራ ሙያቸው ሲከራከሩ!

ሁለተኛው ከገዛ ወገኖቻቸው በኩል ነው። በላክናው ከተማ የነበሩ ታላላቅ ሐኪሞች ዩናኒ ከሌላ ጋር ሳይቀላቀል እንዲጠበቅ ይፈልጉ ነበር። ከአዩርቬዳም ከአውሮፓውም መዋስ ሙያውን ያጠፋዋል ብለው ፈሩ። ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም፤ ኃይለኛ መንግሥት ከጀርባው ያለው ሕክምና ደካማውን ሊውጠው ይችላል። አጅመል ኻን ግን ዩናኒ ራሱ በብድር የተሠራ መሆኑን ያውቁ ነበር፤ ከግሪኮች ያልተዋሰ ዩናኒ የሚባል ነገር የለም። ሙያው የሞተው መዋስና መመርመር ባቆመ ጊዜ ነው ብለው ያምኑ ነበር። የኢብኑ ሲናን ሐሳብ እየደገመ፣ ኢብኑ ሲና ግን የቀደሙትን በመረመረበት ዓይን የማያይ ሐኪም የኢብኑ ሲና ወራሽ ሊሆን አይችልም።

በ1909 ለሴቶች የተለየ የጢቢያ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ አዋላጆችም በዚያ ይሠለጥኑ ነበር። በዘመኑ ብዙ ሴቶች በወንድ ሐኪም ከመታየት በቤታቸው መሞትን ይመርጡ ነበርና ይህ ብዙ ነፍስ የሚነካ ጉዳይ ነው። ሂንዱስታኒ ደዋኻና የተባለውን የመድኃኒት ቤትም አቋቋሙ። በዚያ መድኃኒቶች በአንድ ዓይነት ቀመርና ጥራት ይዘጋጁ ነበር፤ ትርፉም ለትምህርት ቤቱ ይውል ነበር። የቤተሰብ ምስጢር የነበሩ ቀመሮች የብዙኃን መድኃኒት ሆኑ፤ ገንዘቡም ለተማሪ ደረሰ። ምሕንድስና ለምንማር ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዛሬ የተሠራው ከትናንቱ ጋር እኩል ካልሆነ ይሠራል አይሠራም ብሎ መፈተን እንኳ አይቻልም።

ለንደን፣ በርሊን፣ ቪየና

በ1911 አጅመል ኻን ወደ አውሮፓ ተጓዙ። የእንግሊዝን፣ የፈረንሳይን፣ የጀርመንንና የኦስትሪያን ሆስፒታሎችና የሕክምና ትምህርት ቤቶች ጎበኙ። ከዚህ ጉዞ የቀረ አንድ ታሪክ በአድናቂዎቻቸው ዘንድ በሰፊው ይተረካል። በለንደን ቻሪንግ ክሮስ ሆስፒታል ስለ አንድ በሽተኛ ከታዋቂ ቀዶ ሐኪም ጋር የምርመራ ውጤታቸው ተለያየ፤ ሆዱ ሲከፈት ግን በልብ ትርታና በእጅ ዳሰሳ የመረመሩት አጅመል ኻን ልክ ሆነው ተገኙ ይባላል።

ታሪኩ ደስ ይላል። ሆኖም አጅመል ኻን ከዚህ ጉዞ ሲመለሱ ያደረጉትን እንይ። አሸነፍናቸው ብለው አልተቀመጡም። ያዩትን ላቦራቶሪ፣ የሰውነት አካል ትምህርትና ቀዶ ሕክምና ወደ ዴልሂ ለማምጣት ነው የተነሡት። አንድ በሽተኛ ላይ ልክ መሆን የአንድ ሰው ችሎታ ነው። እሳቸው የፈለጉት ተራው ተማሪም በሺህ በሽተኛ ላይ ልክ የሚሆንበትን መንገድ ነበር።

ካሮል ባግ

መጋቢት 29 ቀን 1916 የእንግሊዙ እንደራሴ ሎርድ ሃርዲንግ በዴልሂ ካሮል ባግ በተባለው ቦታ የአዲሱን ኮሌጅ የመሠረት ድንጋይ አኖሩ። የአዩርቬዳና የዩናኒ ጢቢያ ኮሌጅ ይባላል። ሙስሊም ናዋቦችና ሂንዱ ራጃዎች ገንዘብ አዋጡ። በአንድ ግቢ ውስጥ ዩናኒና አዩርቬዳ ጎን ለጎን ይሰጣሉ፤ የሁለቱም ተማሪዎች የሰውነት አካልን፣ የአካል ክፍሎችን አሠራርና ቀዶ ሕክምናን ከምዕራቡ ሕክምና ይማራሉ።

ሕንፃው እስኪያልቅ አገሪቱ ተለወጠች። አንደኛው የዓለም ጦርነት አለቀ፤ የኺላፋ ንቅናቄ ተቀጣጠለ፤ ሕንዶች ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር አንተባበርም አሉ። አጅመል ኻን በ1908 መንግሥት የሰጣቸውን ሐዚቀል ሙልክ የተባለ የክብር ማዕረግ በ1920 መለሱ። ሕዝቡ በፋንታው መሲሐል ሙልክ፣ የአገሪቱ ፈዋሽ፣ ብሎ ሰየማቸው። ኮሌጁን የካቲት 13 ቀን 1921 የመረቁት ታዲያ እንደራሴው ሳይሆኑ ማህተማ ጋንዲ ናቸው። ያም ሆኖ በምረቃው ቀን የሎርድ ሃርዲንግና የባለቤታቸው ሥዕል በጋንዲ እጅ ተገለጠ። አጅመል ኻን ፖለቲካው ቢለወጥም የተዋለላቸውን ውለታ የሚረሱ ሰው አልነበሩም።

ጋንዲ በምረቃው ላይ ያደረጉት ንግግር እንግዳ ነበር። የዘመናዊው ሕክምና ተቺ እንደነበሩ ይታወቃል። በዚያ ቀን ግን የአውሮፓ ሳይንቲስቶችን የመመራመር መንፈስ አመስግነው፣ የአገራቸውን ሐኪሞችና ቫይዶች ያለ ጥያቄ የድሮውን ቀመር ይደግማሉ ብለው ወቀሱ። እንግዳ ሆኖ ተጠርቶ ባለቤቱን መውቀስ ለሌላው ነውር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ወቀሳው የኮሌጁ መሥራች ዕድሜ ልካቸውን ሲሉት ከነበረው ጋር የሚገጥም ነው።

ሰውየው

አጅመል ኻን ከዴልሂ ውጭ ሊያክሙ ሲጠሩ በቀን 1000 ሩፒ ይጠይቁ እንደነበር ይነገራል፤ በዘመኑ ትልቅ ሀብት ነው። ዴልሂ ድረስ የመጣላቸውን በሽተኛ ግን ደሃም ይሁን ሀብታም በነጻ ያክሙ ነበር። ከራጃው የተቀበሉት ለኮሌጁና ለደሃው ይሄዳል። ሸይዳ በሚል የብዕር ስም በኡርዱና በፋርስኛ ግጥም ይጽፉ ነበር።

በፖለቲካውም በ1919 የሙስሊም ሊግን፣ በ1921 መጨረሻ የሕንድ ብሔራዊ ኮንግረስን ጉባኤዎች በሊቀ መንበርነት መርተዋል። ለሂንዱና ለሙስሊም አንድነት የደከሙት ድካም ከኮሌጃቸው የሚለይ አልነበረም። የቅርብ ወዳጃቸው ዶክተር ሙኽታር አሕመድ አንሳሪ በብሪታንያ የተማሩ ቀዶ ሐኪም ነበሩ። አንዱ የዩናኒ ሐኪም፣ ሌላው የአውሮፓ ዶክተር፣ በአንድ ከተማ በወዳጅነት ሠሩ።

ሁለቱ በአንድነት ከደገፏቸው ሥራዎች አንዱ ጃሚያ ሚሊያ ኢስላሚያ ነው። ይህ ዩኒቨርሲቲ በጥቅምት 1920 አሊጋር ውስጥ ሲመሠረት አጅመል ኻን የመጀመሪያው ቻንስለር ሆኑ። ገንዘብ አልቆ ሊዘጋ በደረሰ ጊዜ በ1925 ወደ ዴልሂ፣ ወደ ካሮል ባግ እንዲዛወር አደረጉ፤ ከኪሳቸውም ወጪውን ይሸፍኑ ነበር። ዛሬ ጃሚያ ሚሊያ በሕንድ ከታወቁት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው።

ሥሩና ላቦራቶሪው

አጅመል ኻን አንድ ነገር ይጎድላቸው ነበር፦ ምርምር። ኮሌጅ አለ፤ መድኃኒት ቤት አለ፤ መድኃኒቱ ለምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ ላቦራቶሪ ግን የለም። ሰሊሙዘማን ሲዲቂ የተባለ ወጣት በጀርመን ፍራንክፈርት ኬሚስትሪ ሲያጠና ረዱት፤ ሲመለስም በጢቢያ ኮሌጅ የምርምር ተቋም እንዲያቋቁም ነገሩት። ሲዲቂ በ1927 ዶክትሬቱን አገኘ። አጅመል ኻን ግን ታኅሣሥ 29 ቀን 1927 በራምፑር በልብ ሕመም ዐረፉ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። ቀብራቸው በዴልሂ ተፈጸመ። የላቦራቶሪውን ውጤት አላዩም።

ሲዲቂ ቃሉን ጠበቀ። ትኩረቱን ሐኪሞችና ቫይዶች ለአእምሮ ሕመምና ለእንቅልፍ እጦት ይሰጡት በነበረ ራውዎልፊያ ሰርፔንቲና በተባለ ተክል ሥር ላይ አደረገ። በ1931 ከሥሩ ውስጥ ንጹሕ ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ፤ ስሙንም ለደጋፊው መታሰቢያ አጅማሊን አለው። አጅማሊን በልብ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምልክት የሚተላለፍበትን የሶዲየም መንገድ የሚያግድ መድኃኒት ነው። ዛሬ በተለያዩ አገሮች ብሩጋዳ ሲንድሮም የተባለውን፣ ጤናማ የሚመስልን ሰው በድንገት የሚገድል የልብ ሕመም ለመመርመር ያገለግላል። መድኃኒቱ በደም ሥር እየተሰጠ የልብ ምቱ በመሣሪያ ይነበባል፤ ተደብቆ የነበረው ችግርም በወረቀቱ ላይ ይወጣል።

የዚያ ሥር ታሪክ በዚህ አላበቃም። በ1949 ሩስቶም ጃል ቫኪል የተባለ የቦምቤይ የልብ ሐኪም ሥሩ የደም ግፊትን እንደሚቀንስ የሚያሳይ ጥናት በእንግሊዝ የልብ ሕክምና መጽሔት ላይ አወጣ። በ1952 ሲባ በተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሬሰርፒን የተባለውን ንጥረ ነገር ከዚሁ ሥር አወጡ፤ በዓለም ዙሪያም ለደም ግፊትና ለአእምሮ ሕመም ታዘዘ። ይሁንና በአንዳንድ በሽተኞች ላይ ከባድ የመንፈስ ጭንቀት እንደሚያመጣ ተመዘገበ፤ የተሻሉ መድኃኒቶች ሲመጡም ቦታውን ለቀቀ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የጥንት ሐኪሞች ሥሩ ኃይል አለው ማለታቸው ልክ ነበር። ኃይሉ የሚሠራበትን ምክንያት ግን በአራቱ ፈሳሾች ሚዛን ያስረዱት ነበር፤ ይህን ማብራሪያ ላቦራቶሪው አልደገፈውም። መጠኑንና ጉዳቱንም ለይቶ ያሳየው ቆጠራና ልኬት ነው። ከዕፅዋት ስለመጣ አይጎዳም የሚለው አባባልም ወደቀ፤ የሚያድን ኃይል ያለው ነገር የሚጎዳም ኃይል አለው። በዩናኒም በአዩርቬዳም ሜርኩሪና እርሳስ ያለባቸው ውሁዶች ይሰጡ እንደነበርም መርሳት የለብንም። ፈተናው መርዙንም መድኃኒቱንም ከአንድ መደርደሪያ ላይ ይለያል።

ለእኛ

ጢቢያ ኮሌጅ ዛሬም በካሮል ባግ ቆሞ ተማሪ ያስመርቃል። በሕንድ ሁለቱን ሕክምናዎች በምን ያህል እናጣምር የሚለው ክርክርም አላበቃም። እኛም ብንሆን በየቤታችን ሁለቱን እንጠቀማለን። ጥቁር አዝሙድና ማር ከኪኒን ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ናቸው። ችግሩ ሁለቱ አለመነጋገራቸው ነው። በሽተኛው የሚወስደውን ቅጠል ዶክተሩ ይስቅብኛል ብሎ ይደብቃል፤ ዶክተሩም አይጠይቅም። አንዳንድ ዕፅዋት ግን የኪኒኑን ኃይል ሊያበዙ ወይም ሊያደክሙ ይችላሉ። ስለዚህ እናቶቻችንንና አባቶቻችንን ወደ ሆስፒታል ስናደርስ ቤት ውስጥ የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ እንዲነግሩ እናበረታታ። የሕክምና፣ የፋርማሲና የኬሚስትሪ ተማሪ የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ አያቶቻችሁ የሚያውቁትን ዕፅ ስሙን፣ አዘገጃጀቱንና የሚሰጥበትን ሕመም ጽፋችሁ ያዙ፤ ከዚያ ሳትስቁበትም ሳታመልኩትም ወደ ላቦራቶሪ ውሰዱት።

ለእያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት እንደተፈጠረለት የምናምን ሰዎች መድኃኒቱን የመፈለግ ግዴታም አለብን። መፈለግ ማለት ደግሞ ያገኙትን መመዘን ነው። አጅመል ኻን ከማንም በላይ የሚወዱትን የአባቶቻቸውን ቅርስ ለሚዛን ያቀረቡት ስላልጠረጠሩት አይመስለኝም፤ ከሚዛኑ የሚተርፍ እውነት በውስጡ እንዳለ ስላመኑ ነው።

አላህ ይዘንላቸው። እኛንም ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን። አሚን።